ቤት ለቤት የዞረው ብርድ ልብስ

ጠጋ በይ እስቲ ብርሀንነሽ... እንዲያ። ዘንቢልሽን እኔ እግር ላይ ጣይው፣ ግድ የለም። ሾፌሩ ፋሩቅ እንደሆነ ሰው ጭኖ ጠግቦ አያውቅም። «አንድ ሰው ብቻ» እያለ ገና ከመካነ ሰላም ሳንወጣ እርስ በርሳችን አጣበቀን። ከላላ ስንደርስ የየራሳችንን እግር ለይተን ካገኘን ተመስገን ነው! ደህና አደርሽ ግን? ልጆቹስ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እሰይ።

ሰማዩስ ዛሬ እንዴት ጠርቷል፣ ማሻአላህ! አራስ ለመጠየቅ የተፈጠረ ቀን ነው። መሰረት ወንድ ልጅ ተገላገለች ሲሉኝ ብቻዬን እቤቴ ቆሜ እልል አልኩልሽ፤ ጎረቤት ምን ነካት ብሎ በአጥር አየኝ። ደስ የሚለው ደግሞ ሁላችንም መውጣታችን። የሰፈሩ ሴት በሙሉ አንድ መኪና ውስጥ! ጋቢናው ሳይቀር...

አዎ፣ ጋቢናው። እሷማ ጋቢና ይገባታል። እንደሷ ያለ ደግ ሰው ከኋላ ከእኛ ጋር ተጣብቆ ይሂድ እንዴ? መንገዱን ፊት ለፊት ማየት አለባት። የተቸገረ ሰው ቢያመልጣትስ?

ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ቀስ በይ ነው? ወይ ብርሀንነሽ! ጋቢና የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ሞተር ብቻ ነው። ቢሰማስ? ሰው ማመስገን በሹክሹክታ ሆነ እንዴ? እኔ እኮ ማመስገን ነው የያዝኩት። አየሽ፣ ዞር እንኳ አላለችም። ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳብ አደረገች እንጂ... ነፋሱ ይሆናል።

አንቺ ያን ሰሞን ደሴ ልጅሽ ጋ ስለነበርሽ ወሬው የደረሰሽ ተቆራርጦ ነው። ደግነት ደግሞ ተቆራርጦ አይወራም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እቴቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩት ባልቴት። ጥር ላይ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ጎጇቸው ተቃጠለች። እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ወርደው ስለነበር ነፍሳቸው ተረፈች፤ ከቤቱ ግን ማንኪያ እንኳ አልወጣም። የሰፈሩ ሰው ወዲያው ነቅሎ ወጣ። ወንዱ ማገርና ቆርቆሮ ተሸክሞ ቤታቸውን መልሶ አቆመ። አንዷ ጤፍ፣ አንዷ ድስት፣ አንዷ ምንጣፍ። እኔ ደግሞ ያንን ብርድ ልብስ አወጣሁ።

የቱን? ነብር ያለበትን ነዋ! ልጄ ከጅዳ የላከችልኝን። ራሴ እንኳ ስለብሰው እየሳሳሁ ነው። ነብሩ እኮ በር ከፍተሽ ስትገቢ «ማን ልበል?» የሚል ነው የሚመስለው! አንድ ጊዜ ጠርዙ ተተርትሮብኝ፣ ቡናማ ክር አጥቼ በአረንጓዴ የሰፋሁት... አስታወስሽው አይደል? አልዋሽሽም፣ አጥፌው እንደገና ዘርግቼ አይቼዋለሁ። ግን ለእቴቴ ነው። እናቴ ስትሞት ስንት ቀን ከደጄ ሳይለዩ ያጎረሱኝ ሴት ናቸው። ለሳቸው ያልሆነ ነብር ለማን ይሆናል?

ማን ሰብስቦ ያድርስ ሲባል ዕድሩ በአንድ አፍ ይቺን የጋቢናዋን አለ። እኔ ራሴ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። አብራኝ ያደገች፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን፣ ሰርጌ ላይ ሚዜዬ የነበረች... ከሷ በላይ ማንን ልመን?

አቤት ግን አሰጣጥ ስታውቅበት! እኛ ስንሰጥ አፍረን «ትንሽ ናት፣ ይቅርታ» ብለን በሩ ሥር ጥለን እንሸሻለን። ያልሰለጠነ አሰጣጥ! እሷ መጀመሪያ ስልኳን አወጣች። «የትምወርቅ፣ ያዢልኝ። እዚያ ጋ ቁሚ፣ ፀሐዩን ጀርባ ስጪው» አለችኝ። ቆምኩ። እቴቴ ብርድ ልብሱን ተቀብለው እንባቸው ግጥም አለ፤ ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣

«ቆይ ቆይ እቴቴ! ብርሃኑ ልክ አልነበረም። ይመልሱልኝና እንደገና ይቀበሉኝ» አለቻቸው።

መለሱላት። ደግመው ተቀበሉ። አሁን ደግሞ ፈገግ አሉ። «አይ፣ እንደቅድሙ ያልቅሱልኝ እንጂ!» እንባ እንደ ቧንቧ ሲከፍቱት ይመጣል እንዴ? እቴቴ ነብሩን እንዳቀፉ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያዩ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ እንግዲህ ሰጠሽኝ ወይስ ገና ነው?»

ኧረ አትሳቂ፣ እኔም ያስቀኛል! ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ ሲያመልጠኝ «አትነቅንቂው!» ብላ ተቆጣችኝ። ሀቋን ነው፤ ደግነት ሲነቀነቅ አያምርም።

ቪዲዮው ተለቀቀ። ስንት ሰው አየው መሰለሽ! «የድሆች እናት»፣ «እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን»... እኔም ነብሬ ታዋቂ ሆነ ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ሳሳይ ሰነበትኩ። የእኛ የሰጪዎቹ ስም አለመጠራቱ? እሱማ ምን ይደረግ። የሰፈር ሰው ሁሉ ስም የሚችል ስልክ ገና አልወጣ ይሆናል።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታችን ፈንታዬ ቀዶ ጥገና ተደርጋ ከሆስፒታል ተመለሰች። ሌላ ቪዲዮ። ወዳጃችን ፈንታዬን ብርድ ልብስ ስታለብሳት። እኔም «ይቺ ሴት እንዲህ እየሰጠች ለራሷ ምን ሊተርፋት ነው?» እያልኩ አዝኜላት ጠጋ ብዬ ባይ... ነብር። መንታው ይሆናል አልኩ፣ ነብር መቼም ብቻውን አይወለድም። በጣቴ ምስሉን ሰፋ ባደርገው... አረንጓዴ ክር!

ደግሞ ጥቂት ሰንብቶ ሌላ ቪዲዮ፣ ከወግዲ። ዓይናቸው የጠፋ አባት ትከሻ ላይ ጉብ ብሏል። ነብሩ እኮ ከኔ የበለጠ ዘመድ ጠያቂ ሆነ፣ ብርሀንነሽ! እኔ አክስቴን ወግዲ ሄጄ ከጠየቅኋት ስንት ዘመኔ፤ እሱ ደርሶ መጣ!

በማግስቱ ጠዋት እቴቴ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ... የማዳበሪያ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው።

«እቴቴ፣ ብርድ ልብስዎስ?»

«ወሰደችው ልጄ። ፎቶው ሲያልቅ። የባሰባቸው አሉ አለችኝ። የባሰበት ካለማ እኔ ምን እላለሁ? መርቄ ሰጠኋት።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«ደግ ሴት ናት፣ ስሟን ላጥፋባት? ደሞ ሌሊቱ እኮ እንደምንም ይነጋል።»

ይኸውልሽ፣ ያን ጊዜ አልሳቅኩም። ኩታዬን አውልቄ አለበስኳቸውና ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደሷ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ደርሼ እጄን አንስቼ... ማንኳኳት አቃተኝ። ሚዜዬ አይደለችም? ነገ ትመልሳለች አልኩ። አልመለሰችም። የሥራ ብዛት ነው መቼም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዕድሩ ሊሸልማት የተነሳው! ለበጎነቷ ጋቢ ሊያለብሳት። የዕድሩ ዳኛ ብዙአየሁ ምኑንም አያውቅ፣ የዋህ ሰው፣ «የሚያለብሷት እቴቴ ይሁኑ፤ ውለታዋን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለ። እኔ ነኝ ሹክ ያልኩት? በስመ አብ! እኔ ያልኩት «እቴቴን ከፊት ወንበር ስጧቸው» ብቻ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የዕድሩ አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። እሷ አምራለች፤ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ስልኳን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክላ፣ ይቀርጻል። እቴቴ ተነሡ። ጋቢውን ዘርግተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ጭብጨባ፣ እልልታ። እልልታው በረድ ሲል እቴቴ የጋቢውን ጫፍ ሳይለቁ ፊቷን ትክ ብለው አይተው፣ በዚያ በጠራ ድምፃቸው፣

«ልጄ፣ ፎቶው ሲያልቅ ልቀበልሽ ወይስ ለብሰሽው ትሄጃለሽ?»

ሥርዓቱ እንደዚያ መስሏቸው እኮ ነው! በማርያም ተንኮል የላቸውም! ስጦታ ማለት እንደዚያ መስሏቸው፣ እንዳያበላሹባት ፈርተው ጠየቁ!

ከዚያ ከኋላ ፈንታዬ... ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ «ኧረ ስፌቴን! ኧረ ስፌቴ ሊፈታ ነው! እኔም ጋ ሳያድር ነው የሄደው!» ብላ ስትፈነዳ፣ በቃ። ሴቱ ወንዱ ተንከተከተ። ብዙአየሁ ሳል ያዘው፤ ስሎ የማያውቅ ሰው ባርኔጣው ውስጥ ገብቶ ሲስል ዋለ። እቴቴ ብቻ ጫፉን እንደያዙ «ምን አጠፋሁ?» እያሉ ዙሪያቸውን ያያሉ።

እሷስ? የሷን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ፣ አትሸነፍም። «እቴቴ ጨዋታ ያውቃሉ!» አለችና ሳቀች። ከሁላችንም አብልጣ ሳቀች። ጋቢውን ግን አላወለቀችም። ያ ቪዲዮም እስከ ዛሬ አልወጣም። ብርሃኑ ልክ አልነበረም ይሆናል...

አሁን ትልቁን ነገር ስሚ። ሰኞ ጠዋት እቴቴ በራቸውን ሲከፍቱ ነብሩ ደፍ ላይ ተኝቷል። ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በፌስታል ተደርጎ። ያመጣውን ሰው ማንም አላየም። እቴቴ «መልአክ ነው» ይላሉ፤ ይሁን። እኔ ግን ያደነቅኳት ያኔ ነው፤ እውነቴን ነው ብርሀንነሽ። ስትሰጥ ስትሰጥ ለኖረች ሴት፣ ማንም ሳያያት የሰጠችው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ከባድ ነው እኮ! ማንን «ያዢልኝ» ትበል? ማን «ደግመሽ ስጪ» ይበላት?

እቴቴ አሁን በደንብ ይተኛሉ። «መጀመሪያ ትንሽ ፈራሁት፣ ኋላ ተላመድን» ይሉኛል። ስለሷ ስጠይቃቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? «አትቀየሚያት የትምወርቅ። ሰው የሚያየው ከሌለ ይበርደዋል።» እኔ አልተቀየምኩም! «የትምወርቅ አኩርፋኛለች» ትላለች አሉ። ማን? እኔ? መንገድ ላይ ስታየኝ የምትሻገረው እሷ፣ የማኮርፈው እኔ! እንዲያውም ትናፍቀኛለች። ያቺ የጥንቷ፣ እርሳሷን ለሁለት ሰብራ ግማሹን የሰጠችኝ ልጅ ትናፍቀኛለች። ያኔ ማን ቀረጸን? እኔ ብቻ ነኝ የማስታውሰው...

ተይው። ይኸው ከላላ ደረስን። ቀስ በይ፣ እግርሽ ደንዝዟል። መጀመሪያ እሷ ትውረድ፣ መንገድ ልቀቁላት እናንተ! ነይ እስቲ ለአራሷ የያዝኩትን ገንፎ ያዢልኝ፣ ቆሜ ልመርቃት። ፊት ለፊት ማመስገን ባልችል እንኳ ከኋላዋ ልመርቃት።

ክፉ አይንካት። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት። ጠጉሯ እስኪነጣ፣ ወገቧ እስኪጎብጥ፣ ምርኩዝ እስክትይዝ ያኑርልን። ያኔ ታዲያ፣ ጉልበቷ ከድቷት፣ ደጅ ደጁን እያየች የሚያስታውሳት ሰው ስትጠብቅ... እግዜር ልክ እንደራሷ ያለ ደግ ሰው ይላክላት።

አሜን በይ እንጂ፣ ብርሀንነሽ!