ሁለት ካርቶን

(ኮምቦልቻ፤ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚታደሉ መጻሕፍት የተከማቹበት መጋዘን፣ ከቀኑ አስር ተኩል። መጋዘኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱ መርጦ ሁለት ካርቶን ሞልቶ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ይመርና የሁለተኛ ክፍል መምህርቷ ዘሃራ ካርቶኖቹ ላይ አጎንብሰዋል።)

ዘሃራ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ያንን ድንጋይ ያውጡልኝ!

ይመር፦ ድንጋይ ትለዋለች! ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። አስራ ሁለት ቅጽ፤ አንድም አልጎደለው።

ዘሃራ፦ አንዱን ካርቶን ሞላው እኮ። አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው እየተሻገሩ ነው።

ይመር፦ ሁለተኛው ለመዝገበ ቃላቱ ነው። ለአንቺም ጥግ እተውልሻለሁ፤ አምስት ስድስት ቀጫጭን ሸጎጥ ታደርጊያለሽ።

ዘሃራ፦ አምስት? ለአርባ ስድስት ልጅ? እነዚህ አስራ ሁለቱ በያዙት ቦታ ዘጠና መጽሐፍ ይገባል፤ ደርድሬ አይቼዋለሁ።

ይመር፦ መጽሐፍ አትበያቸው። ሃያ ገጽ፤ በገጽ አንድ መስመር፤ የቀረው ዝሆን። ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የግድግዳ ካላንደር?

ዘሃራ፦ ልጆቹ የሚችሉት እሱን ነው።

ይመር፦ ማክሰኞ ኢንስፔክሽን እንደሚመጣ ረሳሽው? አምና ሰውዬው የቤተ መጻሕፍታችንን በር ከፍቶ ያለውን ሰምተሻል። «የመጥረጊያ ማስቀመጫችሁን አየሁት፤ ቤተ መጻሕፍቱስ የት ነው?» በዚያ ሁሉ መምህር ፊት! ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘሃራ፦ አጠገብዎ ነበርኩ። እኔም አንገቴን ደፍቻለሁ። ግን ሰውዬው ሦስት ደቂቃ በር ላይ ቆሞ ይሄዳል፤ ልጆቹ ናቸው ከእኛ ጋር የሚቀሩት።

ይመር፦ በር ላይ ቆሞ ምን ያያል? የመጽሐፉን ጀርባ ነው። ወፍራም፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ጀርባ! ቀጫጭኖቹ ሲደረደሩ ጀርባም የላቸው።

ዘሃራ፦ ይሄ ባለወርቁ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?

ይመር፦ በእንግሊዝኛ ነዋ።

ዘሃራ፦ እና ማን ሊያነበው ነው? የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራችን ራሱ ቅድም አንስቶት ሥዕል ሥዕሉን ሲያይ ነበር።

ይመር፦ ልጆቹ ሲያድጉ ያነቡታል።

ዘሃራ፦ ማደጉንስ ያድጋሉ፤ ማንበቡ ነው የሚቀረው።

ይመር፦ ምላስሽን አልቻልኩትም! እሺ አምጪ፣ የመረጥሽውን ልየው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የበረዶ ሰው? አፍንጫው ላይ ካሮት ሰክተውበት!

ዘሃራ፦ እሱን ትቼዋለሁ። የእኛ ልጆች፣ ካሮቱን ምን ነክቶት አባከነው ብለው ሲጨቃጨቁ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው።

ይመር፦ «ንብ ቀፎ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ዘሃራ፦ ፎቶውን ይዩት፤ እውነተኛ ነው። ተረት ተረት ብቻ አልመረጥኩም፤ እውቀትም አለበት። ከልጆቼ የግማሾቹ ጓሮ ቀፎ አለ። ፎቶዋን አይቶ «ንብ» ያለ ልጅ፣ ከሥሯ የተጻፈችውን ቃል ይደፍራታል። ይሄኛው ደግሞ ታንኳ ለምን እንደማይሰጥም ይናገራል። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ይሄን ሳይጨርስ ምሳ አይበላም።

ይመር፦ ይሄስ? ቆይ... ይሄ ጽሑፍ የለውም እኮ! የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ መልሺው።

ዘሃራ፦ ስህተት አይደለም፤ ሥዕል ብቻ ሆኖ የተሠራ ነው። አህያዋ ትጠፋለች፣ ልጅቷ ፍለጋ ትወጣለች። ታሪኩን የሚናገረው ልጁ ራሱ ነው።

ይመር፦ ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ ይዤ ኢንስፔክተር ፊት ልቁም? ዘንድሮስ ምን ሊለኝ ነው?

ዘሃራ፦ ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን። በአላህ ይዤዎታለሁ! እኔ ምንም የቀረኝ ነገር የለም። በአሮጌ ካርቶን ላይ እየሳልኩ አስተማርኩ፤ በሬ ስዬ አይጥ ነው አሉኝ። በጠጠር አስተማርኩ፣ በዘፈን አስተማርኩ። ከአርባ ስድስቱ፣ አይተውት የማያውቁትን ቃል ማንበብ የሚችሉት ስንት እንደሆኑ ያውቃሉ? ሰባት! ሰኔ ላይ ሁሉንም ወደ ሦስተኛ ክፍል አሳልፋቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ፊደል የሚያስተምራቸው የለም። አለቀ! ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

ይመር፦ ሰባት? ምን ማለትሽ ነው? በመስኮትሽ ሳልፍ የምሰማው ንባብ ታዲያ? መንገድ ድረስ ይሰማል!

ዘሃራ፦ በቃላቸው ነው። መማሪያ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያው እሱን ብቻ። እኔ አንዴ ካነበብኩላቸው አበቃ፤ እንደ ዘፈን ይይዙታል። አፋቸው ገጽ አስራ ሁለት ላይ ነው፤ ዓይናቸው ጣሪያ ላይ።

ይመር፦ ሁሉም አይደሉም። የእኔዋ መዲና ታነባለች። የወላጆች ቀን አላየሽም? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነው ያጨበጨበላት። እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዘሃራ፦ አዎ፣ አጨበጨቡ። ይልቅ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ካርቶኑን...

ይመር፦ ዘሃራ።

ዘሃራ፦ አቤት ጋሼ።

ይመር፦ መዲና ከሰባቱ አንዷ ናት?

ዘሃራ፦ ተዉ ጋሼ፣ እንዲህ ብለው አይጠይቁኝ።

ይመር፦ ጠየቅኩሽ እኮ።

ዘሃራ፦ አይደለችም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ድምጿ ያምራል፣ ሰው አትፈራም፤ ስለዚህ ገጽ አስራ ሁለትን መርጬ መድረክ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ልነግርዎ ነበር። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እንባዎን ሲጠርጉ ሳይ አፌ ተሳሰረ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎን ልጅ ግን እኔ... ይስደቡኝ፣ መብትዎ ነው።

ይመር፦ አልሰድብሽም።

ዘሃራ፦ አልተቆጡም?

ይመር፦ ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጄን ካላስነበብኩ ቡናው አይጥመኝም። መማሪያ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንስቼ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። ገልብጬ ነው የሰጠኋት።

ዘሃራ፦ እና?

ይመር፦ እንደተገለበጠ ይዛ አነበበችው። አንድ ቃል አልሳተችም።

ዘሃራ፦ ጎረቤትዎ አየ?

ይመር፦ እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ በምን ያውቃል? አጨበጨበ።

ዘሃራ፦ እርስዎስ?

ይመር፦ እኔም አጨበጨብኩ።

ዘሃራ፦ ጋሼ...

ይመር፦ አጨበጨብኩ አልኩሽ! ልጄ ፈገግ ብላ እያየችኝ ምን ላድርግ? እንግዳው ሄደ፣ እኔ ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ ልጄን በጭብጨባ ሸወድኳት። ይኸው አምስተኛ ቀኔ ነው፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም።

ዘሃራ፦ ታዲያ ይሄን እያወቁ ነው ከእነዚህ ድንጋዮች ጋር የሚታገሉት?

ይመር፦ እያወቅኩ ነው። ቢያንስ ከበር ሲታይ ቤተ መጻሕፍት ይምሰል ብዬ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ከእጄ ወጥቷል።

ዘሃራ፦ አልወጣም ጋሼ! ገና ስምንት ዓመቷ ነው።

ይመር፦ ስንት ደቂቃ ቀረን?

ዘሃራ፦ አስራ ሁለት።

ይመር፦ ካርቶኑን ደግፊልኝ። አይ፣ ሥሩን ያዢው፤ ከባድ ነው። ልዘረግፈው ነው።

ዘሃራ፦ ሁሉንም? ማክሰኞስ ምን ሊሉ ነው?

ይመር፦ ማክሰኞ ሰውዬው በሩን ሲከፍት ልጆቹ ውስጥ ይሁኑ። የፈለገውን ይበል፤ አንዴ ለምጄዋለሁ።

ዘሃራ፦ የንቧን ነው መጀመሪያ የምናስገባው? ወይስ የታንኳውን?

ይመር፦ ሁሉንም ታስገቢያለሽ። ያን ጽሑፍ የሌለውን ግን ለእኔ ስጪኝ፤ ዛሬ ማታ ለመዲና ይዤላት እገባለሁ። እሱን ገልብጣ ብትይዘው፣ ማንም ሳይነግራት ራሷ ታቃናዋለች።