ለዩኒቨርሲቲው የተላኩት ሽማግሌዎች

ደብረ ሲና፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ዳር ባለችው የቆሎ መሸጫ ዳስ፤ እናቷ ገበያ ወርዳለች፤ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው ትርሲት ቆሎ ትጠብቃለች፤ የዕድሩ ዳኛ አባባ ደምሰው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ፊት ለፊቷ ቆመዋል።

ትርሲት፦ ለእማዬ እርስዎ ካልነገሯት ማን ይነግራታል? «ዩኒቨርሲቲው አልተቀበላትም» ማለት እኮ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

አባባ ደምሰው፦ ማጠሩ ነው ያስቸገረኝ። ረዘም ቢል መሐሉ ላይ ሌላ ነገር ጣል ይደረግበት ነበር።

ትርሲት፦ ይቀመጡ እስቲ። በርጩማው ይኸው።

አባባ ደምሰው፦ ይቆየኝ፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ለሰፈሩ ሁሉ «ለከርሞ ቀጠሮ ሰጡን» ብላ ጨርሳለች። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ።

አባባ ደምሰው፦ ምን አልሽው?

ትርሲት፦ ዳቦውን ሳልወስድ ተመለስኩ። ቆይ፣ መጀመሪያውኑ ዩኒቨርሲቲ ሽማግሌ ይላካል?

አባባ ደምሰው፦ እናትሽ ዕድሩ ፊት ቆማ «ራሱ ፈትኖ በሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ልጄ በሁለት ነጥብ ወደቀችብኝ» ስትል ምን እንበል? ደም የተቃባ አስታርቀን የለ እንዴ። ሁለት ነጥብ ምን አላት ብለን ሦስት ሽማግሌ ሆነን ተነሣን።

ትርሲት፦ ነጥብ አይታረቅም፣ አባባ።

አባባ ደምሰው፦ አሁንማ አወቅን። እበሩ ላይ ዘበኛው ከዘራችንን ተቀበለን። መሪጌታ ልሳነወርቅ ያለ ከዘራ መራመድ አይሆንለትም፤ እኔንና ሐጂ ይመርን ግራና ቀኝ ይዞ ገባ። ያየን ሁሉ በሽተኛ ደግፈን የመጣን መስሎት ክሊኒኩን ያሳየናል።

ትርሲት፦ ኧረ አባባ።

አባባ ደምሰው፦ ሳቂ፣ ጥርስሽን ካየሁት ሰነበተ። ቢሮው ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ካንቺ ብትበልጥ በጥቂት ነው። «ተቀመጡ» አለችን። ሐጂ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አላት። እንደ ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥ። ልጅቱ ደንግጣ እሷም ከወንበሯ ተነሣች። አራታችንም ተገትረን ቀረን።

ትርሲት፦ እና ምን አላችኋት?

አባባ ደምሰው፦ «ልጃችን ጨዋ ናት፣ እጇ ሥራ ያውቃል፣ ለሰው ታዛዥ ናት» አልን። መሪጌታ ዘርሽን ከቅድመ አያትሽ ጀምሮ ሊቆጥር ሲል በክርኔ ነካ አደረግሁት።

ትርሲት፦ ሚስት ሲለመን የሚባለውን ነው እኮ ያላችሁት።

አባባ ደምሰው፦ የለመድነው ልመና እሱ ነዋ። ልጅቱ እስክንጨርስ ታገሰችና «አባቶቼ፣ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ሲስተሙ ነው» አለችን። ሐጂ «ታዲያ እሱ ስንት ሰዓት ይገባል? እንጠብቀዋለን» አላት።

ትርሲት፦ ውይ፣ ሐጂን።

አባባ ደምሰው፦ ኮምፒውተሩን አዙራ አሳየችን። እኔ ልጄ፣ እግሩ ላይ የምወድቅለት ሰው ነበር የፈለግሁት። ሰው ቢሆን ይቆጣናል፣ ውጡ ይለናል፣ ኋላ ቤቱ ሲገባ ደግሞ «ምነው እነዚያን ሽማግሌዎች» ይላል። ያ ነገር እንኳን ሊቆጣን፣ መምጣታችንንም አላወቀ። ምኑን ይዘን እንለምነው።

ትርሲት፦ ከዚያ «ለከርሞ ተመለሱ» አለቻችሁ።

አባባ ደምሰው፦ «በሚመጣው ዓመት እንደገና ትፈተንና ያኔ ተመለሱ» አለች። ሐጂ ፊቱ በራ። ልጅ የምትጠየቅበት ቤት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ «ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። እንዲያ ሲባል ነገሩ ወደ እሺ ነው። ሐጂ እዚህ እስክንደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሲመርቅሽ መጣ።

ትርሲት፦ እርስዎም አመኑ?

አባባ ደምሰው፦ እኔ ስሸመግል ፊት ነው የማየው። የልጅቱ ፊት አዘነልን። እሺ ሊል ያሰበ ሰው ለምን ያዝናል?

ትርሲት፦ እያወቁ ነዋ ለእማዬ «ቀጠሮ ሰጡን» ያሏት። እሷም እሱን ይዛ «የትም አትሄጂ፣ ዓመቱን እዚሁ ትጠብቂያለሽ» ብላ ቁጭ አለች። መንግሥት የመደበኝ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ነው። አውቶቡሱ ሰኞ ነው። ሰኞ ካልተሳፈርኩ ምዝገባው ያልፈኛል፤ ያም ቀረ፣ ይህም ቀረ።

አባባ ደምሰው፦ ለከርሞ ብትፈተኚስ? ያጣሽው ሁለት ነጥብ ነው። ዓመት ሙሉ አጥንተሽ ሁለት ነጥብ ያቅትሻል?

ትርሲት፦ ከማን ጋር አጥንቼ? የፊዚክስ አስተማሪያችን ጥር ላይ ሄደ፣ ሌላም አልመጣ። ግማሹን መጽሐፍ ብቻዬን ነው የገፋሁት። ለከርሞ ደግሞ የማለፊያው ነጥብ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ማን ያውቃል?

አባባ ደምሰው፦ አንቺ እኮ ከክፍልሽ አንደኛ ነሽ።

ትርሲት፦ ከኛ ክፍል። እዚያ ለፈተና የተቀመጠው ሁሉ የሆነ ክፍል አንደኛ ነው፣ አባባ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ገና እኔ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ገጽ ትገልጥ ነበር። አስጠኚዋ ቤቷ ድረስ ነው የሚመጣው አሉ። እኔ ቆሎ እያመስኩ ነው ያነበብኩት። ዕድልሽ ምን ያህል ነው ቢሉኝ አላውቀውም። የማውቀው ጅግጅጋ መመደቤን ነው።

አባባ ደምሰው፦ እሱስ ልክ ነሽ።

ትርሲት፦ ስለዚህ ከገበያ ስትመለስ ይንገሯት። እኔ ብነግራት መሄድ አምሮኝ የዋሸኋት ይመስላታል። እርስዎን ግን ታምናለች።

አባባ ደምሰው፦ ትርሲትዬ፣ እናትሽ ታውቃለች።

ትርሲት፦ ምኑን?

አባባ ደምሰው፦ ከአውቶቡስ የወረድን ዕለት እዚህችው አንቺ ያለሽበት ቆማ ነበር። ሁለቱ ወደየቤታቸው ሄዱ፣ እኔ ቀርቼ እንዳለ ነገርኳት። «አልሆነም፣ ዘነቡ» አልኳት። የሚገዛት ሰው የለም፤ ቆሎውን ትሰፍራለች፣ መልሳ ትደፋዋለች፣ ደግሞ ትሰፍራለች። በመጨረሻ «አልሆነም አይበሉብኝ። ቀጠሮ ሰጡን ይበሉልኝ» አለችኝ።

ትርሲት፦ ለምን?

አባባ ደምሰው፦ ወንድምሽ አንዷለምም «ጅግጅጋ ደረሰኝ» ብሎ እየሳቀ ነው ከዚህች ማቆሚያ የተሳፈረው። ትምህርቱን ሳይጨርስ በዚያው በረሃውን አቋርጦ ባሕር ተሻገረ ተባለ። ይኸው ስልኩ እስከ ዛሬ አይነሣም። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እናትሽ ቆሎ መሸጧን ትታ የሚወርደውን ሰው ፊት እንደምታይ አንቺ ታውቂያለሽ።

ትርሲት፦ እኔ አንዷለም አይደለሁም።

አባባ ደምሰው፦ ብያታለሁ። «እሷስ አይደለችም፤ መንገዱ ግን ያው ነው» አለችኝ። ጅግጅጋን እንዲቀይርልሽ ምደባውን የሚያወጣውን ሄደን እንለምን ብዬም ነበር። እሱም ያው ሲስተሙ ነው አሉኝ።

ትርሲት፦ ለምን ራሷ አትነግረኝም? «ፈርቻለሁ፣ ቅሪልኝ» ብትለኝ እኮ...

አባባ ደምሰው፦ ትቀሪያለሽ። የፈራችው ይህንኑ ነው። ኋላ ስትበሳጪ «እናቴ ነች ያስቀረችኝ» እንዳትይ፣ ያስቀረሽ ዩኒቨርሲቲው እንዲመስልሽ ብላ ነው።

ትርሲት፦ ታዲያ እርስዎ አሁን ምን ሊያደርጉ መጡ?

አባባ ደምሰው፦ «ቀጠሮውን እንድትጠብቅ ይሸምግሉልኝ» ብላ ልካኝ ነው። ዛሬ የተላክሁት ወደ አንቺ ነው።

ትርሲት፦ ለዚህ ነው በርጩማውን ሰጥቼዎት ያልተቀመጡት።

አባባ ደምሰው፦ ለዚህ ነው። ይህችን ዓመት ብቻ ቅሪላት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅ፣ አላታልልሽም።

ትርሲት፦ ጉዳይዎ ተሰምቷል። አሁን ይቀመጡ።

አባባ ደምሰው፦ መልስሽን ምን ልበላት?

ትርሲት፦ «ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለች ይበሏት።

አባባ ደምሰው፦ እስቲ ፊትሽን ወዲህ አዙሪልኝ።

ትርሲት፦ አላዞርም።

አባባ ደምሰው፦ እሺ። መቼ እንመለስ?

ትርሲት፦ ማክሰኞ።