አመድ የጠጣ ከሰል

ጠላት ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ቤንዚን እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ጊዜ፣ ከአሬሮ ወደ ነገሌ ስንጓዝ አንድ የጭነት መኪና አቀበት ሥር ቆሞ አገኘን። እኔ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርሁ፤ ባልንጀራዬ ሥዩም ደግሞ ሳይንስ የተማረ ወጣት መምህር ነበር። መኪናው በከሰል የሚሠራ ነው፤ ከኋላው በተተከለው በርሜል ውስጥ ከሰል ይነድና ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ሄዶ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል።

ሾፌሩ አቶ ጉግሳ፣ ጠጉራቸው የሸበተ የቀድሞ ወታደር፣ በርሜሉን በብረት ዘንግ ይጎረጉራሉ። ልጃቸው እሙሽ መኪናው ላይ ተኝታ ታምጣለች። ምጡ ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ሐኪም ያለው ነገሌ ብቻ ነው። አቀበቱን ቢሞክሩት መኪናው እየተንሸራተተ ይመለስባቸዋል።

«ምን ሆነብዎ፣ ጋሼ?» አለ ሥዩም።

«ፍሙ ሰነፈብኝ፣ ልጄ። ጋዙ ለሜዳው በቃ፣ ለአቀበቱ አልበቃ አለ። እሳት መቼም የራሱ ጊዜ አለው፤ አይጣደፍም።»

«ከሰሉን የአመድ ውሃ ብናጠጣውስ? ጋዙን ቶሎና አብዝቶ ይሰጥዎታል።»

አቶ ጉግሳ ዘንጉን ጣሉት። «አመድ! እናቴ ፍም የምታዳፍነው በምን ነበር? ልጄ እያማጠች አትቀልድብኝ!»

«አልቀለድሁም። ያ አመድ ፍሙን ያዳፈነው አየር ስለከለከለው ነው። ዛሬ የምንፈልገው ግን አመዱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው። ፖታሲየም የሚባል የብረት ዘር አለበት፤ በውሃ ወጥቶ ከሰሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ከታች የሚመጣው ጢስ ከሰሉን ፈጥኖ እንዲበላውና ጋዝ እንዲሆን ይረዳል። እሱ ራሱ አይነድም። ሁለቱን ወገን እንደሚያስማማ ሽማግሌ ነው፤ አስማምቶ ከመሃል ይወጣል።»

ሥዩም ከስንቁ አንድ የስኳር አንኳር አውጥቶ ክብሪት ለኮሰበት። ስኳሩ ቀለጠ እንጂ አልነደደም። ሌላ አንኳር ደግሞ ከበርሜሉ ሥር በወሰደው አመድ ቀባና ለኮሰው፤ ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ያዘ። አቶ ጉግሳ ጎንበስ ብለው እስኪያልቅ ተመለከቱት።

«ቧንቧዬንስ አያበላሽም?»

«ሲበዛ ያበላሻል፤ እውነትዎን ነው። ጥቂት እናድርግ፤ የጋዙን ማጣሪያ ደግሞ እየጠረጉ ይያዙት።»

ውሃ ግን አልነበረም። ጣዲቻ የሚባል የቦረና ሰው ከሩቅ ጉድጓድ የቀዳውን በግመል ጭኖ ሲያልፍ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ቆመ። ቤቱ ውሃውን የሚጠብቁ ልጆች ነበሩት። የእሙሽ ጩኸት ሲሰማ ግን ነገሩን እንኳ ሳንጨርስለት አንዱን ዕቃ አወረደ። አቶ ጉግሳ የመጠጥ ውሃ አመድ ላይ ሲፈስ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን አዞሩ።

አመዱን በጥብጠን አጠለልነው፤ የጠለለውን ውሃ ከሰሉ ላይ ረጨንና በሸራ ላይ በትነን ለቆላ ፀሐይ ሰጠነው። ያ ጊዜ ለአባት ረጅም ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ሥዩም መጥተው፣ «ልጄ ብትሞትብኝ አንተን ነው የምይዘው» አሉት። ሥዩም ፊቱ ገረጣ፤ «ይያዙኝ» አለ እንጂ ከሰሉን መገላበጥ አልተወም።

ከሰሉ ሲደርቅ አቶ ጉግሳ በርሜሉን ሞልተው ለኮሱት። ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ስሎ ሲነሣ ድምፁ ወፍራም ነበር። እኛ ከኋላ በእግር ተከተልን፤ መኪናው እያቃሰተ ወጣ፣ ጫፉ ላይም ቆሞ ጠበቀን።

ነገሌ ስንደርስ የጦሩ ሐኪም እሙሽን አዋለዳት፤ ሴት ልጅ ወለደች። እናቲቱም ተረፈች።

በማግስቱ አቶ ጉግሳ ሾፌሮችን ሰብስበው የአመዱን አሠራር ሲያስረዱ ሰማኋቸው፤ ፍሙ ቶሎ ይነቃል፣ አቀበት ላይ ጉልበት አይከዳም፣ በሽተኛ መንገድ ላይ አይቀርም፤ ማጣሪያውን ግን አትርሱ ይላሉ። አንዱ ሾፌር፣ «እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ከልጅ ይማራሉ?» አላቸው።

«ከእሳት ጋር ዕድሜዬን ኖርሁ» ብለው መለሱ። «ለካ የማውቀው መለኮሱን ብቻ ኖሯል።»