ጫማ ውጭ ይተዋል?

ሆላንድ በገባሁ ሰሞን ዞተርሜር በምትባል ከተማ እትዬ የምላቸው ኢራናዊት ጎረቤት ነበሩኝ፤ ኢራን ውስጥ የሚሳደደው የባሃኢ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። የነቢያቸውን ልደት ሲያከብሩ ጠሩኝና ጫማዬን በሩ ላይ ባወልቅ፣ «አንቺ! ጫማ ውጭ ይተዋል? እንደተሰበሰብን ይታወቅብናል!» ብለው ላፍ አደረጉት። የእንግዶቹ ጫማ ሁሉ ሻወር ቤት ተቆልሏል። ለካ ኢራን ሳሉ ባለቤታቸው የታሰሩት በር ላይ የተኮለኮለ ጫማ አሳብቆባቸው ኖሯል። «እኛም ጴንጤዎቹ በደርግ ጊዜ ለጸሎት የምንገባው አንድ በአንድ፣ የምንዘምረውም በሹክሹክታ ነበር» ስላቸው ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። «እንግዲያው ይውጣ! እዚህ ማን ያስረናል?» አሉ። ጫማውን ኮሪደሩ ላይ ደረደርነው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ፊት ለፊት የሚኖሩት ሆላንዳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ጫማውን እያዩ፣ «ልደት ነው እንዴ?» አሉ። እትዬ ፈራ ተባ እያሉ፣ «አዎ፣ ልደት ነው» አሏቸው። እዚያ አገር በልደት ቀን እንኳን ደስ አላችሁ የሚባለው ለቤቱ ሰው ሁሉ ነው፤ ሽማግሌው ጫማቸውን ከኛ ጫማ አጠገብ አውልቀው ገቡና ሁላችንንም እየዞሩ ጨበጡን። ሲጨርሱ ዙሪያውን ቃኘት አድርገው፣ «ባለልደቱስ የታለ?» አይሉ መሰላችሁ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ በሩን መዝጋት እንኳ ረስተውታል።