የታደለ አወዳደቅ

ለትምህርት ቤት ነው አይደል ያልሽኝ? በይ ጻፊ። በጉልበታችን ጊዜ፣ ልጄ፣ በቴሌቪዥን ድራማ ሽፍታ መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ እና እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሽፍታ ነበርኩ። ዋናው ሽፍታ እንዳይመስልሽ! ከዋናው ኋላ የሚጋልበው፣ መጀመሪያ የሚመታው። ገና አንድ ቃል ሳልናገር፣ ጧ! ሞትኩ። ታዲያ ሰው ፊቴን ያውቃል፣ ስሜን አያውቅም። እዚሁ ሀና ማርያም ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ስቀመጥ "ወይኔ፣ ይሄ ወንበዴ!" ብላ ቦርሳዋን ያቀፈች ሴት አለች እኮ። ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ታዲያ ታደለ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ እሱም እንደኔ ሟች። አብረን እንጋልባለን፣ አብረን እንወድቃለን። ያኔ ለቡ ሜዳ ነበር፣ እዚያ ነው የምንቀረጸው፤ ፈረሶቹ ደግሞ የጋሪ ፈረሶች ናቸው፣ በኪራይ። የጋሪ ፈረስ ተኩስ የት ያውቃል? እና አንድ ቀን ተኩሱ ሲንጣጣ የታደለ ፈረስ በረገገና ድንጋይ ላይ ጣለው። እኔ ቀድሜ ሞቼ አጠገቡ ተጋድሜያለሁ።

እና ደንብ ነበረን፤ የሞተ ሰው አዘጋጁ "ካት!" እስኪል አይንቀሳቀስም፣ አይናገርም። ተነፈስክ ተብሎ የተባረረ አውቃለሁ። ታዲያ ታደለ ቀስ ብሎ፣ እንዲህ ቀስ ብሎ፣ "ግርማ... እግሬ አይሰማኝም" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "ዝም በል፣ እየቀረጹ ነው!" እና ዝም አለ። ሰማሽ? ዝም አለ።

አዘጋጁ "እሰይ! መውደቅ ማለት ይሄ ነው! እንዳትነሱ፣ በዚህም በኩል ላንሳው!" ይላል። ካሜራውን እስኪያዞሩ ተጋድመን ቆየን። እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር፤ አልዘረጋሁም። እንጀራዬን ፈራሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም። "ካት!" ሲባል ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ተነሳሁ፤ ታደለ ራሱን ስቷል። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ በዚያው ሳይነቃ ቀረ።

ለቅሶው ላይ ሚስቱ ክንዴን ይዛ "አጠገቡ ነበርክ አሉ፤ ምን አለ?" አለችኝ። "ምንም አላለም፣ እህቴ" አልኳት። እና ያንን አወዳደቅ በቴሌቪዥን አሳዩት፣ ሰውም አደነቀ።

አሁን ሚስቱም አርፋለች። የታደለ ልጅ ፉሪ ነው የምትኖረው፤ ባለፈው እሑድ መጥታ "ጋሽ ግርማ፣ አባቴ አንዲት ቃል እንኳ አልተናገረም?" አትለኝም! እኔ ሽማግሌው፣ ሞት አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ደግሜ ዋሸሁ።

"ታዲያ ንገሯታ፣ ጋሼ" አልኳቸው፣ ከምጽፍበት ደብተር ቀና ብዬ።

"ብትጠላኝስ?"

"ትጠላዎት ይሆናል።"

ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ፣

"አንቺ ልጅ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ። ግን ጋሼ፣ እኔ በር ላይ ነው የምቆመው። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።"