ከጀናዛው ሥር

የዑመርን ጀናዛ ተሸክሜ ከደጁ ብዙም ሳልርቅ ወደቅሁ። ጀናዛው ምንም አልሆነም፤ ሌሎቹ ተሸካሚዎች ያዙት። እኔን የያዘኝ አልነበረም።

እኔና ዑመር ያደግነው ከሚሴ ገበያ የማሽላ ኩንታል እየተሸከምን ነው። ያልተሸከምን ዕለት ምሳ የለም። አሁን ደሴ ያለው ሐኪም መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንዳለብኝ፣ ጡንቻዬም ቀስ በቀስ እየደከመ እንደሚሄድ ነግሮኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ስደናቀፍ ጫማዬን እሰድባለሁ።

ጀናዛው ሲወጣ ወንዱ ሁሉ አላህ ለሚከፍለው አጅር ብሎ ትከሻውን ለማስገባት ይጋፋል፤ እኔም ተጋፍቼ ገባሁ። ጥቂት እንደሄድን ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጎረቤቴ ሰይድ አይቶኝ ኖሮ፣ «ልቀበልህ አያ ሁሴን» አለኝ።

«ዑመር ከኩንታል አይከብድም» አልኩት። ወዲያው ጉልበቴ ታጠፈ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ! ሐዘኑ ጣለው» አለ አንዱ። ሐዘን ከበሽታ ይሻላል ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ሰይድ ደግፎ ወደ ለቅሶው ቤት መለሰኝና ቀብሩ እንዳያመልጠው ሮጠ። የዑመር ሚስት ዘሃራ ከሴቶቹ መሃል ቦታ አስለቀቀችልኝ።

«ኮቱ፣ ና ሁሴን፣ እዚህ አረፍ በል። እግርህ ባሰብህ እንዴ?»

«ዛሬ ገና ነው ያመመኝ።»

«ዑመርማ ካወቀ ቆየ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «‹ተይው፣ የደበቀን መስሎታል› ይለኝ ነበር።»

ወንዶቹ ሊቀብሩት ሄደዋል። ከሴቶቹ ጋር የቀረሁት ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።