አንገቷ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት ቅል

ወንፊትሽን ላደርስልሽ ብዬ ነው ወርቅነሽ፤ አልቀመጥም። ...እሺ፣ ካልሽማ አንድ አፍታ። ጉልበቴን ይሄ የጦሳ ብርድ ጨረሰው፤ መጋቢት ገብቶ እንኳ ደሴ እንዲህ ናት። ለአንቺ ምንሽም አይደል፣ የኩታበር ሰው ነሽ። የወንፊቱ ዳር ላልቶ ነበር፣ ሰፍቼልሻለሁ።

ልጅሽ አትጠገብስ? የጂምናስቲክ ልምምድ ሄደች? ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርዳ ትወዳደራለች አሉ። ማሻአላህ፣ በአስራ ሦስት ዓመቷ! ባለፈው በአዳራሹ መስኮት አየኋት፤ ያቺ መዳፍ የማታህል አግዳሚ እንጨት ላይ ስትገለበጥ ልቤ ቀጥ አለ። አሁንም ለብሔራዊ ቡድን የሚወስዱት አንዲት ልጅ ብቻ ነው አይደል? ከአትጠገብ እኩል የምትደርስ ደግሞ አንዲት ልጅ ብቻ ናት ይላሉ... የአንዲት ደግ ሴት ልጅ።

ኧረ መደርደሪያሽ ላይ ያለችው ቅል እንዴት ታምራለች! አንገቷ ላይ ቀይ ክር... እስካፏ ሙሉም ናት፤ ስጦታ ናት አይደል? አትንገሪኝ፣ አውቃታለሁ። ቅሏን ማለቴ ነው። አብሽሪ፣ ሌላ ምንም አላልኩም።

እንዲያው ቅል ካነሳን ዘንድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ አላየሁትም፤ የነገረኝ ሞላልኝ ነው፣ የኮምቦልቻው አዳራሽ ዘበኛ። ሞላልኝ ደግሞ አይዋሽም። ለመዋሸት ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እሱ በር ነው የሚጠብቅ።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሰባ ስምንት፣ አንቺ ወደዚህ ሰፈር ሳትመጪ። አሁን ያንቺን ልጅ የምታሠለጥናት ለይላ፣ የልብስ ሰፊው የሙሄዲን ልጅ፣ ያኔ ገና አስራ አምስቷ ነበር። እሷን በሰባት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ሰልፍ መሀል መዞ ያወጣት አሠልጣኙ ብሩ ነው፤ ጀርመን አገር ስድስት ወር ተምሮ የመጣው። ፍራሻቸው ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ነበር። አግዳሚውንም አናጢ ከባሕር ዛፍ ጠርቦ ነው የሠራላቸው፤ ስንጣሪውን ከእግሯ ስታወጣ ስንቴ አይቻታለሁ። በአስራ አንድ ዓመቷ ከክፍለ ሀገሩ አንደኛ ወጣች። በአስራ ሁለቷ አዲስ አበባ ሄዳ አራተኛ። አራተኛ የሆነችውም በአባቷ ነው። ያንን ከገላ የሚጣበቅ ልብስ ስፋ ሲባል፣ ሙሄዲን ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ቁርጭምጭሚት ሱሪ ቀጠለበት፤ ዳኞቹ ነጥብ ቀነሱባት። በዓመቱ እስከ ባት አሳጠረው፤ ሦስተኛ። በዓመቱ እስከ ጉልበት፤ ሁለተኛ። "ሙሄዲን፣ አንድ ስንዝር ብትለቅ እኮ ወርቅ ነበር!" ሲሉት፣ "ወርቁን እናንተ ውሰዱ፣ ጉልበቷን ተዉልኝ" ይል ነበር።

በዚያ ዓመት እንግዲህ ዳኞቹ ራሳቸው ኮምቦልቻ ድረስ መጡ። አንደኛ የወጣችውን ወስደው ጀርመን ሊልኩ። አንድ ቦታ። ለዚያች ቦታ የሚደርሱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዷ ለይላ፣ ሌላዋ የዚያችው የደጊቱ ሴት ትልቋ ልጅ። ልጆቹ ደግሞ አይለያዩም፤ አንድ ሙዝ ቢያገኙ ለሁለት የሚገምጡ ጓደኛሞች።

ደግ ናት ያልኩሽ ወድጄ አይደለም። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የነቃች፣ ሌላውን የምታነቃ። እኔን መሃይሟን "ሀ"ን ከ"ሐ" ያስለየችኝ እሷ አይደለችም? ስብሰባ ላይ ቆማ "የኔ ልጅ፣ የሰው ልጅ አልልም፤ ሁሉም የአብዮቱ ልጆች ናቸው" ስትል እናጨበጭባለን። እውነቷን ነው... ልዩነት አታውቅም።

በዚያ ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ ሰኞ ገበያ ብወርድ፣ ከፊቴ ማን ቆማለች? እሷው፣ ኮሶ ከምትሸጠዋ ባልቴት ዘንድ። ሁለት እፍኝ ሙሉ ወሰደች። እኔ አዘንኩላት፤ ምስኪን፣ ትሉ ይዟታል አልኩ። በኋላ ሳስበው ግን... በዚያ ዓመት ጥሬ ሥጋ ማን ቤት ነበር? ድርቁ ገና ከደጃችን አልወጣ! ከኮሶው ቀጥላ ማር ገዛች። ማር፣ ለስኳር ቀበሌ በምንሰለፍበት ዘመን! ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላሉ፤ እሷ ምንም አልተናገረች። ዝም ብላ አሰፈረች። ኮሶን መቼም ታውቂዋለሽ፤ የጠጣው ሰው ሆዱ ተጠርጎ እስኪያልቅ እግሩ አይሸከመውም። የኔ ጉዳይ ሽንኩርት ነበር፣ ሽንኩርቴን ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቹ ጋር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች፤ አንገቷ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት ቅል በእጇ። ይህችው ናት አላልኩም... ቅል ከቅል ይመሳሰላል። ለይላን ወደ በሩ ጥግ ጠራቻት። ሞላልኝ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ዘበኛ ደግሞ እንደ በሩ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል? "ነይ የኔ ልጅ፣ ብርዝ ነው፣ ጉልበት ይሰጥሻል። ለልጄ እንኳ አላመጣሁላትም፤ ላንቺ ብቻ ነው።" አየሽ ደግነት? የገዛ ልጇን አስቀርታ! እኛ አገር መጠጥ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል አይደል? እሷ አልቀመሰችም። ለሰው ስትል ራሷን የምትነፍግ ሴት ናት።

አንዲት ነገር ብቻ ረሳች። ረመዳን ነበር። ሰው በጣም ሲነቃ ጨረቃ ማየት ይተዋል መሰለኝ።

ለይላ ፆመኛ ናት። ብሩ "ውድድር ላይ ፆም የሚባል ነገር እንዳልሰማ" ብሎ ስለነበር በሆዷ ይዛዋለች። አሁን "ፆመኛ ነኝ" ብትል አሠልጣኙ ይሰማል፤ የእናት ያህል ሰው የዘረጋውን እጅ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። በሁለት እጇ ተቀበለች። "አላህ ይስጥልኝ እትዬ" ብላ ለማፍጠሪያዋ አስቀመጠችው።

የኮምቦልቻን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከደሴ የወረደ ሰው እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው። ጓደኛዋን ውሃ ጠማት፤ ቧንቧው ሄዷል። ለይላ ቅሏን አቀበለቻት። "ጠጪ፣ እኔ አሁን አልጠጣም።" ልጅቱ አንዴ ተጎነጨችና "ኧረ ይመራል!" አለች። "እናትሽ ናት የሰጠችኝ፤ ጉልበት ይሰጣል ብላለች" አለቻት ለይላ። ያቺ ልጅ ምን ብትል ጥሩ ነው? "የእማዬ እጅ ከሆነማ..." ብላ እስከ አተላው ጨለጠችው።

ሞላልኝ ይሄን ሲያወራኝ አፉን በጋቢው ይዞ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ምን ያስቃል? ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ አወጣች ይላሉ፤ ለራሷ ነው የሚሉት። ለጫጩቷ የምትጭር ዶሮስ አልነበረችም?

ከሰዓት በኋላ የልጅቱ ተራ ደረሰ። አግዳሚው ላይ ወጣች። አንዴ ተገለበጠች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጭብጨባ ሆነ። ሁለተኛውን ልትገለበጥ እጇን ስታነሳ ላብ አጠመቃት፣ ሆዷን ይዛ እጥፍ አለች። ስትወድቅ ጉልበቷ ከሥሯ ገባ። አዳራሹ በሙሉ "ያዟት! ያዟት!" ይላል። እናትየዋ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ምን አለች መሰለሽ? "ማን አጠጣት?"

እግሯን አላለች። ምን ሆነችብኝ አላለች። "ማን አጠጣት?" ...የእናት አንጀት እኮ ያውቃል! ከሐኪሙ ቀድማ አወቀች። እንዲህ ያለ እናትነት አይደነቅም ትያለሽ?

ለይላ ከነፆሟ፣ ከነጉልበት ሱሪዋ አንደኛ ወጣች። ዋንጫውን ለአባቷ ጥላ ጓደኛዋ ወደተኛችበት ነው የሮጠችው። እስከ ዛሬ "ሙቀቱ ነው የጣላት" ትላለች። ማንም አልነገራትም። ማንስ ምን ብሎ ይንገራት?

በቃ፣ ይኸው ነው። ለይላ ጀርመን ሁለት ዓመት ቆየች፣ ስድስት አገር ዞራ ተወዳደረች፣ ትከሻዋ ሲያስቸግራት ተመለሰች። ብሩ ለግዳጅ ተጠርቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሙሄዲን ይሰፋል። ሞላልኝ በር ላይ ነው። ያቺ ልጅ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ታድላለች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ። ደጊቱ ሴት ዛሬም ሊቀመንበር ናት፤ ቅዳሜ ታናሿን ልጇን ታወዳድራለች።

እኔ ለአትጠገብ አትስጪያት አላልኩም። ስጦታ አይመለስም። ብቻ ሰጪዋ ስትመጣ፣ እንደ አገራችን ወግ ከቅሏ ቀድተሽ አስቀድመሽ ለሷ ስጫት። ለታናሿም ጭምር። ክብር ነው።

...ይኸው፣ በአጥሩ በኩል ኮቴ ሰማሁ። እሷው ናት፣ ልጇን አስከትላ። ተነሺ፣ ሁለት ብርጭቆ አምጪ። እኔ ድምፄን ከፍ ላድርገው፤ ምርቃት በሹክሹክታ አይይዝም።

ያረቢ፣ ይህች እጅ አትንጠፍ! ለሰው ልጅ የቀዳችውን ሁሉ ለገዛ ልጇ አድርግላት። ለትልቋ አድርገህላታል፤ ለታናሿም አታስቀርባት። ...አሚን በይ እንጂ፣ ወርቅነሽ።